ለጣና ዳር የሚሆን ተንቀሳቃሽ የከሰል ግሪል አመራረጥ

«የቱን ልግዛ?» ዓርብ ማታ በደረሰ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ከነፎቶው። አንዱ ብየዳ ቤት በር ላይ የቆመ ግሪል ያሳየኛል። ሌላው ከካርቶኑ ያልወጣ ታጣፊ ይልካል። ሌላዋ ደግሞ አክስቷ ጓሮ ያገኘችውን ግማሽ በርሜል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ይሄ ባሕር ዳር ሆናችሁ ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር ወጣ ብላችሁ ዓሣ ወይም ሥጋ ለምትጠብሱ ነው። ብዙ ሰው ሲገዛ የሚያየው መልኩንና ዋጋውን ነው። ጣና ዳር ግን ግሪል የሚፈተነው በነፋስ ነው። ግቢ ውስጥ አንደኛ የነበረው ውሃው ዳር ሲደርስ ከሰሉን ቶሎ ይጨርስና ዓሣውን ከላይ አሳርሮ ከውስጥ ጥሬ ይተወዋል። ስለዚህ ሌላውን ሮጥ ሮጥ እያላችሁ ብታነቡትም ደረጃ 4 ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመግዛት ስትሄዱ፦

- ሜትር
- ውሃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን (ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ፤ ባለሱቁ ቢስቅባችሁም ያዙት)
- አንድ ሁለት ገጽ ጋዜጣና ክብሪት

ለመጀመሪያው ማንደድ፦

- አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ከሰል
- ደረቅ ጭራሮ
- ረጅም መቆንጠጫና ወፍራም ጓንት
- የምግብ ዘይትና ግማሽ ቀይ ሽንኩርት
- አንድ ባልዲ ውሃ
- ክዳን ያለው የብረት ጣሳ፣ ለአመዱ

ደረጃ 1፦ በምን እንደምትወስዱት ወስኑ

መጀመሪያ መጓጓዣው፣ ከዚያ ግሪሉ። በተቃራኒው የሄደ ሰው ግሪሉን ቤት ውስጥ የዕቃ ማስቀመጫ አድርጎት ይቀራል። በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ እግራችሁ ሥር የሚገባ መሆን አለበት። ርዝመቱ ከ45 ሴንቲ፣ ስፋቱ ከ35 ሴንቲ ካለፈ ሰው ወርዶለት ነው የሚገባው። በብስክሌት የምትሄዱ ከሆነ የኋላ መጫኛው ላይ በገመድ የሚታሰር፣ እግሩ የሚታጠፍ ወይም የሚነቀል ያስፈልጋችኋል። በጀልባ ወደ ዘጌ የምትሻገሩም ያው እግሩ የሚነቀለውን ፈልጉ፤ የቆመ ብረት ጀልባ ላይ የሰው ቅልጥም ነው የሚመታው።

ክብደቱን በግምት ማስላት ይቻላል። አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ በየ1 ሚሊ ውፍረቱ 8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 40 በ30 የሆነ፣ 18 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ሳጥን በባለ 1.5 ሚሊ ላሜራ ቢሠራ ሳጥኑ ብቻ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በባለ 3 ሚሊ ከሆነ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። በዚያ ላይ እግርና ፍርግርግ ጨምሩ። «ወፍራም ይሁን፣ ይበረክታል» ስትሉ ማን እንደሚሸከመው አብራችሁ አስቡ።

ደረጃ 2፦ ለስንት ሰው?

መጠኑን በዓሣ ለኩት። አንድ ደህና ቆሮሶ (ቲላፒያ) 25 ሴንቲ ቢረዝምና 10 ሴንቲ ያህል ቢሰፋ፣ 40 በ30 የሆነ ፍርግርግ ላይ አራት ጎን ለጎን ይተኛሉ። ይሄ ለአራት ሰው ይበቃል። ስምንት ሰው ከሆናችሁም ሁለት ዙር ጥበሱ እንጂ እጥፍ የሆነ አትግዙ። ትልቁን ግሪል ለመሸፈን ከሰሉም እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱም ያንኑ ያህል ታነዳላችሁ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱንና ብረቱን ለዩ

ገበያ ላይ የምታገኙት በግምት አራት ዓይነት ነው።

የተለመደው ማንደጃ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። ነገር ግን ለድስትና ለጀበና የተሠራ ስለሆነ አፉ ጠባብ ነው፤ ሁለተኛው ዓሣ ዳር ላይ ይቀራል።

ላቀች የምትባለው የተሻሻለች የከሰል ምድጃ ከሰል በመቆጠብ ጎበዝ ናት። የውስጥ ሸክላዋ ሙቀቱን ይይዝና መሃል ላይ ይሰበስበዋል። ለወጥ ግሩም፣ ተዘርግቶ ለሚጠበስ ነገር ግን አትሆንም። ደግሞም ሸክላዋ በባጃጅ መንገጫገጭ ይሰነጠቃል።

ከውጭ የሚመጣው ታጣፊ ቀልጣፋ ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ላሜራው ስስ መሆኑ ነው። ወለሉን በአውራ ጣታችሁ መሃሉ ላይ ጫን በሉት። ቷ ብሎ ከገባና ከወጣ ተዉት፤ ሲግል ይጣመማል፣ ከተጣመመ ደግሞ ተመልሶ አይታጠፍም።

አራተኛው ብየዳ ቤት በልካችሁ የሚሠራው ነው። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው፤ ምክንያቱም ቀዳዳውን የት እንደሚበሳ የምነግረው እኔ ነኝ። ለወለሉ ባለ 2፣ ለግድግዳው ባለ 1.5 ሚሊ ላሜራ በሉ። ወለሉ ፍሙን ስለሚሸከም ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው።

ስታዝዙ ሁለት ነገር አስረግጣችሁ ተናገሩ። አንደኛ፣ ጋልቫናይዝድ እንዳይሆን። ጋልቫናይዝድ እንደ አዲስ የጣሪያ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ አንዳንዱ ላይ የተሰባበረ መስታወት የሚመስል ዝንጉርጉር ይታያል። የተቀባው ዚንክ ነው። ዚንክ 420 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ የጋለ ፍም ደግሞ ከዚያ በጣም ያልፋል። የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀለም እንዳይቀቡት። ተራ ቀለም በመጀመሪያው ቀን ይላጥና ይጨሳል። «ጋሼ፣ ሳይቀባ ያስቀይማል እኮ» ይላችኋል ልጁ። ያስቀይም። ቤት ወስዳችሁ ዘይት ትቀቡታላችሁ።

ግማሽ በርሜሉን በተመለከተ፦ በውስጡ ምን እንደነበረ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ አትንኩት። የቀለም፣ የኬሚካል ወይም የነዳጅ በርሜል ታጥቦ አይጠራም። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ የነዳጅ በርሜል ደግሞ ሲቆረጥ ሊፈነዳ ይችላል።

ደረጃ 4፦ አየሩ

ከሰል ብቻውን አይነድም፤ የሚያነደው አየር ነው። ብዙ አየር ከገባ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ያልቃል። ትንሽ ከገባ ይዳፈናል። ግሪል ስትገዙ በዋናነት የምትገዙት አየሩን የምትቆጣጠሩበትን ዕቃ ነው።

ጣና ዳር ጠዋት ላይ ብዙ ጊዜ ረጭ ያለ ነው። ፀሐይ ስትበረታ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቅና ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል። ጀልባ ነጂዎች «ወደ ገዳማቱ በጠዋት እንውጣ» የሚሉት ለዚሁ ነው፤ ከሰዓት ማዕበል አለ። እኛ ደግሞ ምሳ የምንጠብሰው ልክ ነፋሱ ሲነሳ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ፈልጉ።

ጥልቀት። ከወለሉ እስከ አፉ 18 ሴንቲ ይሁን። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ ከታች 3 ሴንቲ ለአመድና ለአየር፣ ቀጥሎ 5 ሴንቲ የከሰል ንጣፍ፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ከፍሙ እስከ መጥበሻው ፍርግርግ። ያ 10 ሴንቲ ግድግዳ ነፋስ ይከላከላል፣ ዓሣውንም ከፍሙ ያርቃል። ጥልቀታቸው 8 ወይም 10 ሴንቲ የሆኑ ዝርግ ግሪሎች ፎቶ ላይ ያምራሉ። እዚህ አገር ነፋስ ላይ ግን ፍሙን ለአየር አሳልፈው ይሰጡታል።

የታች ፍርግርግ። ከሰሉ ወለሉ ላይ ሳይሆን በ3 ሴንቲ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። አለበለዚያ አመዱ ከሥሩ ይሞላና ያፍነዋል፤ እናንተም ሙሉ ሰዓት በካርቶን ስታራግቡ ትውላላችሁ።

ቀዳዳዎቹ። ሁለቱ ጠባብ ጎኖች ላይ፣ ከታችኛው ፍርግርግ በታች ይበሱ። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሴንቲ ተኩል ስፋት ያላቸው አራት ቀዳዳዎች ለዚህ መጠን ይበቃሉ። ረጃጅሞቹ ጎኖች ድፍን ይሁኑ። ለምን? ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ድፍኑን ጎን ለነፋሱ ትሰጡታላችሁ፣ አየሩ ከጎንና ከጎን በልኩ ይገባል። ዙሪያውን የተበሳሳውን ግን ወዴትም ብታዞሩት ነፋሱ ያገኘዋል።

መዝጊያ። ቀዳዳዎቹ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ላሜራ ይኑር። ትንሽ ሥራ ነው፣ ብየዳ ቤቱ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ይሄንን ነው። መዝጊያ የሌለው ግሪል ፍሬን እንደሌለው ብስክሌት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ቀዳዳ ያነሰበትም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሦስት አራት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ያለው ታጣፊ ግሪል እዚህ ሲለኮስ የሚያለቅሰው አንድም ለዚህ ነው።

ሱቁ ከፈቀደ እዚያው ሞክሩት። ጋዜጣውን ጠቅልላችሁ ውስጡ ለኩሱ። ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስትዘጉት ዝቅ ማለት አለበት። ክዳን ካለው ክዳኑንም ግጠሙ፤ ጭሱ በየት በየት እንደሚያመልጥ ታያላችሁ። ከሁሉም አቅጣጫ የሚያመልጥ ከሆነ ቀዳዳ መዝጋታችሁ ለውጥ አያመጣም።

ደረጃ 5፦ መጥበሻው ፍርግርግ

ባለ 6 ሚሊ ልሙጥ ብረት ይሁን፤ በዘንጎቹ መካከል 1 ሴንቲ ክፍተት። ከዚያ ከሰፋ ዓሣው ሲበስል ተሰባብሮ ወደ ፍሙ ይወርዳል። ሸካራውን፣ ጥርስ ያለውን ፌሮ አይበይዱላችሁ፤ በጥርሶቹ መሃል የሚቀረው ሥጋ አይለቅም።

የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያ ነቅሎ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም። አይሆንም። የተለበጠበት ነገር ለእሳት የተሠራ አይደለም፤ ሲግል መርዛማ ብረት ሊለቅ ይችላል።

ደረጃ 6፦ እግሩንና እጀታውን ፈትኑ

አሁን ጀሪካኑ። ውሃው 5 ኪሎ ነው። ፍርግርጉ መሃል ላይ አስቀምጡትና ግሪሉን በጉልበታችሁ ከጎን ገፋ ገፋ አድርጉት። ከተወዛወዘ፣ ከእግሮቹ አንዱ ሸርተት ካለ፣ ወይም ፍርግርጉ ወደ መሃል ከረገበ አትግዙ።

ይሄንን የተማርኩት በዓሣ ነው። የመጀመሪያው ግሪሌ እግር በአንድ ብሎን ብቻ የታሰረ፣ ሲታጠፍ ደስ የሚል ነበር። አራት ቆሮሶ ተተልትሎ፣ ሎሚና ጨው ጠጥቶ ላዩ ላይ ተኝቷል። አንደኛውን ጎን ገልብጬ ጨርሻለሁ፤ ቆዳው ወርቅ መስሏል። ሦስተኛውን ዓሣ በመቆንጠጫ ሳነሳ የኋላው ግራ እግር በቀስታ፣ ሰው ቁጭ እንደሚል፣ ታጠፈ። ዓሣው ከነፍሙ አሸዋው ላይ። የእህቴ ልጅ ባዶ እግሩን አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ እግዜር አወጣው። ምሳችን ዳቦና ሚሪንዳ ሆነ።

እግሩ በሁለት ብሎን የታሰረ ወይም ቱቦ ውስጥ የሚሰካ ይሁን። ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ዝርግ ላሜራ ቢበየድበት አሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። ቁመቱ ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ይሁን፤ ሣሩ እንዳይቃጠል። እጀታው እንጨት ቢለብስ ይሻላል። ፕላስቲክ የለበሰውን ተዉት።

ደረጃ 7፦ ቡናውን አትርሱ

ዓሣው ከተበላ በኋላ ጀበና መምጣቱ አይቀርም። ግሪል ስንመርጥ ግን ማንም ስለ ጀበና አያስብም። ጀበና ፍርግርግ ላይ አይረጋም፤ ቢረጋም ከፍሙ ስለሚርቅ እስኪፈላ ይመሻል። መላው ቀላል ነው። መጥበሻውን ፍርግርግ አንድ ወጥ ሳይሆን ሁለት ቁራጭ አድርጋችሁ አሠሩት። አንዱን ታነሱና ፍሙን ወደዚያ ሰብስባችሁ ጀበናውን እላዩ ላይ ታስቀምጣላችሁ። በሌላው ወገን የተረፈው ዓሣ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል።

ደረጃ 8፦ ከሰሉን ምረጡ

ጥሩ ግሪል መጥፎ ከሰል አያድነውም። የየትኛውም ዛፍ ይሁን፣ ሁለት ፍሬ አንሱና አጋጩ። ጥርት ያለ፣ የብረት የሚመስል ድምፅ ከሰጠ በደንብ ከስሏል። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ወይ እርጥበት ጠጥቷል ወይ መሃሉ ገና እንጨት ነው፤ ይጨሳል፣ ፍንጣሪም ይረጫል። ስብራቱ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ቡናማ ሲሆን ተዉት። ጆንያውን ከላይ ብቻ አትዩ፤ እጃችሁን ወደ ታች ስደዱ። ብናኙ ያለው ከታች ነው፤ ብናኝ ደግሞ የታችኛውን ፍርግርግ ይደፍናል።

ደረጃ 9፦ ባዶውን አንድዱት

አዲስ ግሪል ላይ ወዲያው አትጥበሱ። የፋብሪካና የብየዳ ዘይት፣ አቧራና ዝቃጭ አለበት። በሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ ስስ አድርጋችሁ የምግብ ዘይት ቀቡት። ከዚያ ከሰል ሞልታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ባዶውን አንድዱት። ዘይቱ ብረቱ ላይ ተጋግሮ ጥቁር ልባስ ይሆናል። ያ ልባስ ዝገት ይከላከላል፣ ዓሣውም እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ደረጃ 10፦ ሐይቁ ዳር

ጠፍጣፋ፣ ሣር የሌለበት ቦታ ምረጡ፤ ከደንገል ራቁ። በበጋ የደረቀ ደንገልና ሣር በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል። ድፍኑን ጎን ለሐይቁ ስጡ።

በጭራሮ ለኩሱ። ቀዳዳዎቹን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ ከሰሉ ነጭ አመድ ይለብሳል። ከዚያ በፊት ምንም አታስቀምጡ፤ ገና የሚጨሰው ጣዕም ያበላሻል። አሁን ቀዳዳዎቹን እስከ ግማሽ ዝጉ።

ሙቀቱን በመዳፋችሁ ለኩ። ከፍርግርጉ በላይ 12 ሴንቲ ያህል ዘርጉና ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ከቻላችሁ ለቁርጥራጭ የበሬ ሥጋ ነው። አራት አምስት ከሆነ ለዓሣ። ፍርግርጉን በሽንኩርቱና በዘይቱ ጥረጉ፣ ዓሣውን አስተኙ፣ አትነካኩት። ቆዳው ሲደርስ ራሱ ይለቃል። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ካልተላቀቀ አልበሰለም። የጣናን ዓሣ ጥሬውን ወይም ግማሽ ጥሬውን አትብሉ፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል።

ማስጠንቀቂያ

- ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ዝናብ መጣ ብላችሁ ግሪሉን ቤት፣ ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ አታስገቡ። መጋረጃው የወረደ ባጃጅም ያው ነው።
- የጠፋ የመሰለ ከሰል እስከ ማግስቱ ሊግል ይችላል። ውሃ አፍስሳችሁበት፣ አማስላችሁ፣ ደግማችሁ አፍስሱ። ውሃውን ግን የጋለው ብረት ላይ አታድርጉት፤ ፍሙን በመቆንጠጫ ባልዲው ውስጥ ክተቱ።
- ፍም አሸዋ ውስጥ አትቅበሩ። አሸዋው ሙቀቱን ይይዝና ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። አመዱንም ሐይቁ ውስጥ አትድፉ፤ ጣሳው ለዚህ ነው።
- ከውሃው ዳር የለቀማችሁትን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ ለግሪሉ መደገፊያ አታድርጉ። ውስጡ ያለው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል።
- ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ሳይመሽ ዕቃችሁን ሰብስቡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

በፌስታልና በጎማ ቁራጭ መለኮስ። ይነዳል፣ ልክ ነው። ዓሣው ላይ የሚያርፈው ግን የፕላስቲኩ ጭስ ነው። በላምባ የሚለኩሱትም ጠረኑ እስኪጠፋ አይጠብቁም። በነደደ ከሰል ላይ ደግሞ ላምባ መጨመር ፊት ያቃጥላል።

ከሰሉን እስከ አፉ መሙላት። ያ 10 ሴንቲ ክፍተት ለዓሣው ነው።

ነፋስ ሲበዛ ከሰል መጨመር። «ሙቀቱ ጠፋ» ብለው ይጨምራሉ፤ ሙቀቱ የጠፋው ነፋሱ ስለወሰደው ነው። ግሪሉን አዙሩት፣ ቀዳዳውን አጥብቡት።

አመዱን ውስጡ ትቶ ማስቀመጥ። አመድ ከአየር እርጥበት ይስባል። በክረምት አመድ ያደረበት ግሪል ወለሉ ከታች ይበላና መስከረም ላይ ስታወጡት ወንፊት ሆኖ ይጠብቃችኋል። አራግፉት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ዘይት ቀቡት፣ አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ አስቀምጡት።